በሰዓት አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር

በአንድ ሊትር ቤንዚን አሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ስትሄድ የኖረችው መኪናችን ከዘጠኝ ሳምንት ወዲህ ዘጠኝ ብቻ መሄድ ጀመረች። ይህን የምናገረው በግምት አይደለም። ሥራዬ መለካት ነው፤ በሚዛንና መስፈሪያ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የሥጋ ቤቱን ሚዛን፣ የጨርቅ ነጋዴውን ሜትር፣ የነዳጅ ማደያውን ቆጣሪ እየመረመርኩ ትክክል በሆነው ላይ ማኅተም አሳርፋለሁ። ነዳጅ በሞላሁ ቁጥርም ሊትሩንና ኪሎ ሜትሩን በመኪናዋ በር ኪስ ውስጥ በማስቀምጣት ትንሽ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። እንድጽፍ ያዘዘኝ የለም፤ ሳልጽፍ መንዳት ግን አልችልም። ደብተሯ ለአራት ዓመት አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ፣ አሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት ስትል ኖራ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ዘጠኝ ወረደችና እዚያው ተቀመጠች።

በእነዚህ ዘጠኝ ሳምንታት ምክር ሰጪ አላጣሁም። ባለቤቴ «ፔዳሉ ላይ ትተኛለሽ» አለኝ፤ ከእኔ የበለጠ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው እንደማያውቅ ግን ራሱ ከአንድ ወር በፊት ለእንግዶች ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። የቢሮ ባልደረባዬ ቤንዚኑ የተበረዘ ነው አለችኝ፤ ማደያ ቀየርኩ። ቆጣሪውም ያታልለኝ እንደሆነ ብዬ፣ ለቁጥጥር በምንወጣበት ቀን በመሥሪያ ቤቱ ሃያ ሊትር መስፈሪያ ራሴ ለካሁት፤ ሃያው ሃያ ነው። ጎማ አስነፋሁ። የአየር ማጣሪያ አስቀየርኩ። ከዚያም አንድ መካኒክ አራቱንም የሞተር ካንዴላ ካልቀየርሽ አለኝና ቀየርኩ፤ ለአራት ጣት የማያህሉ ቁራጭ ብረቶች የከፈልኩት ለክረምት ካፖርት ያስቀመጥኩትን ነበር። በማግስቱ ሞላሁ፣ ነዳሁ፣ ጻፍኩ። ዘጠኝ ነጥብ አንድ። ቁጥር ሲዋሽ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ቁጥር እውነቱን እየተናገረ ሰው ሁሉ ዝም ሲለው ግን ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ እንደ ወትሮው ወደ ሥራ ለመሄድ ደረጃውን ስወርድ፣ ከእኛ በታች ካለው ፎቅ የባለቤቴን ድምፅ ሰማሁ። ከእኔ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ነበር የወጣው። የሚያናግረው የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆነችውን ጡረተኛ መምህርት ነበር፤ ነዋሪው ሁሉ ቲቸር ነው የሚላት። እግሬን ወደ ታች ላወርድ ስል ደብተሬ ሲነሣ ሰማሁና ቆምኩ።

«ቁጥሩ ይኸው፣ ቲቸር፤ ፎቶ አንሥቼዋለሁ። የጻፈችው እሷ ናት፤ የእሷን ቁጥር ደግሞ መንግሥት ራሱ ያምነዋል። በሳምንት አምስት ሊትር! የምድር ቤቱን በር ቁልፍ ይዞ የሚያድር ማን ነው? እሱ ብቻ።»

«ሰውዬው ግን አንጀቴን ይበላኛል» አለች ቲቸር። «ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መርፌ ጠፋ አልተባለም።»

«አንጀት የሚበላ ሰው ቤንዚን አይጠጣም ያለሽ ማን ነው?»

ሁለቱም ሳቁ። ቲቸር ሳቋን ቶሎ ሰበሰበችና፣ ለማንኛውም ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ስለሚሰበሰብ ነገሩ እዚያው እንደሚያልቅ፣ ለዘበኛውም በሌላ ሕንፃ ሥራ ተጠይቆለት ስሙ ሳይጠፋ በሰላም ቢሸኝ እንደሚሻል ተናገረች። ባለቤቴ፣ እሱም የሰው እንጀራ መዝጋት እንደማይወድ ነገር ግን ማስረጃ ማስረጃ መሆኑን ገለጸ። ወርጄ ደብተሬን ማን እንዲያነሣ እንደፈቀደለት መጠየቅ ነበረብኝ። አልወረድኩም። የእጅ መደገፊያውን ብረት ይዤ፣ ድምፃቸው ከሕንፃው እስኪወጣ ድረስ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ለአለቃዬ ደውዬ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ስለ ሚዛን ስጨነቅ ኖሬ፣ የገዛ እጅ ጽሑፌ ሰው ከሥራ ሊያስወጣ አሥር ሰዓት ተኩል ብቻ ቀርቶት ነበር።

ዘበኛው በምድር ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሰዎች ሻምበል ይሉታል፤ ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ ከአንድ ልብስ ሻጭ የገዛው ረጅም የወታደር ካፖርትና ለወጪ ገቢው ሁሉ የሚሰጠው ሰላምታ ነው ማዕረጉን ያወጣለት። መኪኖቹ ከሚቆሙበት ጥግ፣ ከውኃ ቧንቧው ሥር፣ አንድ ወንበርና አንድ የታጠፈ ብርድ ልብስ አለው፤ ክፍሉ ያ ነው። የመኪናዬን የፊት መስታወት ጠርጎ ጨርሶ ጨርቁን እየጨመቀ ነበር።

«እትዬ፣ የኋላ ግራ ጎማሽ ትንሽ ጎድሏል፤ ስትመለሽ አስነፊው» አለኝ።

አመሰገንኩት፤ ዓይኑን ግን ማየት አልቻልኩም። 

ወደ ጋራዡ የሚወስደው መንገድ የተዘጋጋ ነበር። የምሄድበት ጋራዥ ባለቤት ዶክተር ይባላል፤ ረጅም ብረት ሞተሩ ላይ አቁሞ ጫፉን ጆሮው ላይ እያስደገፈ ስለሚያዳምጥ ነው። ከአሮጌ መኪና በተነቀለ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅሁት። ግድግዳው ላይ የዘይት ዋጋ በየሦስት ወሩ እየተሰረዘ እየተጻፈ፣ የመጨረሻው ቁጥር የሚሰፍርበት ቦታ አጥቶ ወደ በሩ መቃን ተሻግሯል። ተራዬ ሲደርስ ዶክተር ችግሬን እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ይህ በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ አራቱንም ጎማዎች በእጁ አሽከረከረ፤ ፍሬን ይዞ የቀረ የለም። የነዳጅ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ እየዳሰሰ አሸተተ፤ የሚንጠባጠብ የለም። ኮምፒውተሩን ሰክቶ አነበበ፤ ስሕተት የለም። ብረቱን ሞተሩ ላይ አቁሞ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። 

«እህቴ፣ ልጅቷ ጤነኛ ናት» አለኝ። «ሐኪም ቤት ከማምጣትሽ በፊት ቤተሰቧን ጠይቀሻል?»

ዘበኛችን ነዳጁን ቀድቷል ተብሎ መጠርጠሩን ነገርኩት። ቀጭን የጎማ ቱቦ አንሥቶ በነዳጅ መሙያው አፍ አስገባ። ቱቦው አንድ ክንድ ያህል ገብቶ ቆመ። ገፋው፤ አጠፈው፤ አዙሮ ሞከረው። ውስጡ ወንፊት አለው አለኝ። «እንኳን ዘበኛ፣ እኔ ከነመሣሪያዬ በዚህ በኩል ጠብታ አላወጣም። ከሥር ካልፈታ በቀር። ነይ እይው፤ የሥሩ ብሎን ከነጭቃው ነው፤ ከፋብሪካ ከወጣ የነካው የለም።» ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጭቃው ለዓመታት ተጋግሮ ድንጋይ ሆኗል። ከጠዋት ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ትንሽ ተነሣልኝ፤ ግን ለትንሽ ጊዜ ብቻ፤ ሻምበል ካልወሰደው አምስቱ ሊትር የት ሄደ የሚለው ጥያቄ አሁንም እዚያው ነበር፤ ለኮሚቴውም «እሱ አይደለም» ብል «ታዲያ ማን ነው?» ማለታቸው አይቀርም።

ዶክተር አንድ እግሩን ውጭ ትቶ መሪው ኋላ ተቀመጠና ከቆጣሪው ጎን ያለችውን ቁልፍ ይጫን ጀመር። ያቺ ቁልፍ የጉዞውን ርቀት፣ አማካይ ፍጥነትና ሌሎች ነገሮችን እያፈራረቀች ታሳያለች፤ ነዳጅ በሞላሁ ቁጥር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ እመልሳቸዋለሁ፤ ከርቀቱ በቀር ሌላውን አንብቤው አላውቅም። 

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ። «በሰዓት አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር? እህቴ፣ እኔ በዚህ ሆዴ ሮጬ እቀድምሻለሁ!»

ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ እያሰላሁ ነበር። ከቤቴ እስከ ቢሮ ደርሶ መልስ ሃያ አራት ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ምንም ያህል ቢዘጋ ከአንድ ሰዓት ከሩብ አልፎብኝ አያውቅም። ሃያ አራት ኪሎ ሜትር በሰዓት አሥራ አንድ እየተሄደ ግን ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ሰዓት ያህል ይተርፋል። በየቀኑ አንድ ሰዓት ሞተሩ ይሠራል፤ መኪናዋ ግን አንድ ጋት አትንቀሳቀስም። 

«በሚኒሞ ነው» አለ ዶክተር፤ ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ መሳቁን ትቷል። «ቆማ ነው የምትበላው። አንድ ሰዓት በሚኒሞ ቢያንስ ሦስት ሩብ ሊትር ነው። የመኪናዋ ቁልፍ ያለው ሰው ማነው ብለሽ ጠይቂ።»

ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ሌላው ከመግቢያ በራችን ኋላ በምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ወደ ቤት ስመለስ፣ አፌን ሞልቼ የማልናገረውን ነገር አሰብኩ፤ ባለቤቴ ከሰው ተደብቆ ስልክ የሚያወራበት ቦታ አግኝቶ ይሆን አልኩ። ሐሳቡ እስከ ሦስተኛው መብራት ድረስ አብሮኝ ሄደ። ከዚያ ባለቤቴ ለዕድገት ፈተና ስለሚዘጋጅ በየማለዳው ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሳሎን ውስጥ መጻሕፍቱን ዘርግቶ እንደሚቀመጥ፣ የገጽ መገለበጥ ድምፅ በእንቅልፌ ውስጥ እንደምሰማው ትዝ አለኝ። እሱ አይደለም። በዚህ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ይልቁን አንድ ሌላ ነገር ይከነክነኝ ጀመር፤ ምን እንደሆነ ግን ልይዘው አልቻልኩም።

ሻምበል ከቧንቧው ሥር ተቀምጦ ነበር። ሞተሩን አጥፍቼ ወደ እሱ ሄድኩ። ነዳጅ እንዳልወሰደ እንደማውቅ፣ ማረጋገጫም እንዳለኝ ነገርኩት። አመሰገነኝ፤ አልተገረመም።

«ጠዋት ጠዋት መኪናዬን የሚያስነሣው ማን ነው?» አልኩት።

ቀና ብሎ ቧንቧውን አየ። «እሱን አልልም፣ እትዬ።»

«ሻምበል፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት እኮ ያሰናብቱዎታል።»

«ሰምቻለሁ። እኔ ቤንዚን አልቀዳሁም፤ ይህን እምላለሁ። ከዚያ በላይ አልናገርም። ትልቅ ሰው አደራ ብሎኛል።» ብዙ የተናገረ መስሎት ነው መሰል ፊቱን አዞረ።

በእኛ ሕንፃ ውስጥ ትልቅ ሰው ተብሎ የሚጠራ፣ የእኛን በር ከፍቶ የሚወጣ፣ አንድ ሰው ነው ያለው።

አባቴ ወደ እኛ የመጣው ከአራት ወር በፊት ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከነተሳቢዋ የምትሄድ ከባድ መኪና ነድቷል፤ ዓይኑ ደክሞ መንጃ ፈቃዱ ሳይታደስ ቀረ፤ እናቴ ስትሞትም የተከራዩት ቤት ብቻውን ከበደው። ያለን አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን ነው። ሳሎን ውስጥ ታጣፊ አልጋ ዘረጋንለት፤ ልብሶቹን ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ አኖርንለት። ዘጠኝ ሳምንት ወደ ኋላ ቆጠርኩ፤ ባለቤቴ የማለዳ ጥናት የጀመረበት ሳምንት ነው። ያን ቀን ምሽት እራት ላይ «አባባ፣ ጠዋት መብራት ባበራ ይረብሽዎታል?» ብሎ ጠየቀው። አባቴ «አብራ፣ ልጄ፤ እኔ እንደሆነ በማለዳ ወርጄ እግሬን ማፍታታት እወዳለሁ» አለ። እኔ ሾርባ እየቀዳሁ ነበር። ጥሩ መፍትሔ መሰለኝ። ለቢሮ ጓደኞቼም «አባባ በዚህ ዕድሜው በየጠዋቱ ለአንድ ሰዓት በእግሩ ይሄዳል» እያልኩ በኩራት አወራሁ።

ስገባ ከተጣጠፈው አልጋ ጎን፣ በሶፋው ጫፍ ላይ፣ ቦታ ላለመያዝ እንደሚጠነቀቅ እንግዳ ተቀምጦ ነበር። በሳሎኑ ውስጥ የእሱ የሆነ አንድም ነገር በገሃድ አይታይም። ጫማው ከበሩ ኋላ ነበር። አንሥቼ አየሁት። ሳምንቱን ሙሉ ዘንቧል፤ ሶሉ ግን ደረቅ ነው፤ ጭቃ የሚባል አልነካውም። በሥራዬ ከስንት ነጋዴ ሚዛን ሥር የተጣበቀች ሳንቲም ያገኘሁ ሴት፣ በየቀኑ የምሻገረውን ጫማ ሳላየው ቀርቻለሁ።

«አባባ፣ ጠዋት የት ነው የምትሄደው?»

ጫማውን በእጄ ላይ አየው። ለመዋሸት አልሞከረም።

«ሬዲዮ እሰማለሁ» አለ። «መኪናሽ ውስጥ። ብርድም ነው እኮ፤ ማሞቂያውን እከፍታለሁ። ወንበሩን ሁለት ጥርስ ወደ ኋላ እስበዋለሁ፤ ስወርድ ሁለት ጥርስ እመልሰዋለሁ፤ መስታወቱን አልነካም። ባትሪ እንዳልጨርስብሽ ደግሞ ሞተሩን አስነሥቼ ነው። ከነሞተሩ ከሆነ ሬዲዮ ባትሪ አይጎዳም።» ይህን የመጨረሻውን ሲናገር ድምፁ ውስጥ የሙያ ኩራት ነበር።

«ነዳጁስ?»

«በሚኒሞ? በሚኒሞ መኪና ምን ይበላል! ያቺ የእኔዋ ሌሊቱን ሙሉ በሚኒሞ አድራ ጠዋት ሳያት የነዳጅ ቀስቷ ንቅንቅ አትልም ነበር።»

የእሱዋ የነዳጅ ታንከር ስድስት መቶ ሊትር ይይዝ ነበር። የእኔዋ አርባ ነው። ከስድስት መቶ ላይ ጥቂት ሊትር ሲጎድል ቀስት አይንቀሳቀስም፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ባልተንቀሳቀሰች ቀስት የተማረውን ነገር ዛሬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማፍረስ አልፈለግሁም። ግን ሰዓቱ ሰባት ነበር። ሻምበል ዛሬ ማታ ሊባረር መሆኑን ነገርኩት።

«በምን ምክንያት?»

«በሌብነት።»

ከጎረቤት የቧንቧ ውኃ ሲወርድ ይሰማል። «ሌባ ያለው ማን ነው?» አለ በመጨረሻ፤ መልሱን ከፊቴ ላይ አነበበው መሰለኝ፣ እንድመልስለት አልጠበቀም። «እኔ ነኝ አደራ ያልኩት» አለ። «ለልጄ እንዳትነግራት፣ ቤቱ የጠበበኝ እንዳይመስላት ብዬ።» ተነሥቶ ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን ሣጥን ከፈተና የጺም መላጫውን ፈለገ።

ስብሰባው በሕንፃው መግቢያ አዳራሽ፣ በፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ነበር። ስምንት ሰው መጥቷል። ባለቤቴ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ ምንም አልሰማም፤ ልነግረው ወደ እሱ ስጠጋ ቲቸር ጀምር አለችውና ስልኩን አውጥቶ የደብተሬን ገጽ ለእያንዳንዱ ሰው አዞረ። ሻምበል ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። ባለቤቴ ገና «የሚያሳዝነው ነገር» እንዳለ አባቴ ተነሣ። ተላጭቷል። በሥራ ዘመኑ የሚለብሳትን ሰማያዊ ጃኬት ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ሰፍታበታለች።

«ነዳጁን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ይህ ሰው ምንም የለበትም። ጠዋት ጠዋት መኪናዋን እያስነሣሁ እቀመጣለሁ። የሹፌር አመል ነው፤ መሪ ካልጨበጥኩ ቀኑ አይነጋልኝም።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እፎይ ያለ ሰው የሚስቀው ዓይነት ነበር። የሦስተኛ ፎቁ ልብስ ሰፊ «አባባ፣ ከነገ ጀምሮ ለእኛም ሰርቪስ ይስጡና!» አለ። ሌላው «ትራፊክ እንዳይዝዎት ብቻ፣ ምድር ቤት ውስጥ ፍጥነት ይቀንሱ» አለ። አባቴ አብሮ ሳቀ። ስለ ሳሎኑ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ታጣፊው አልጋ አንድ ቃል አልተናገረም። ባለቤቴም ከሁሉ ዘግይቶ ሳቀ። «ምነው አባባ፣ ቢነግሩን ኖሮ እኮ!» አለ። ቲቸር ይቅርታ እንዲጠይቅ በዓይኗ ስታመለክተው ወደ በሩ ዞር ብሎ «ይቅርታ፣ ሻምበል፤ ቁጥሩ ነው ያሳሳተኝ» አለ።

ሻምበል ምንም አይደል አለ። አባቴ ሲቀመጥ እጁ የወንበሩን ጠርዝ ፈልጎ ሲያጣ፣ ደግሞ ሲፈልግ አየሁት።

ቲቸር ክሱ መሰረዙን ለጸሐፊው አስመዘገበች። ስለ ደረጃው አምፖል ተነሣ፤ ስለ ቆሻሻ መጣያው ተነሣ፤ ሰዎች ወንበራቸውን ወደ ኋላ መግፋት ጀመሩ። 

«ልዩ ልዩ ያለው ሰው አለ?» አለች ቲቸር፣ ደብተሩን ልትዘጋ እየተዘጋጀች።

እጄን አወጣሁ። ባለቤቴ ዞሮ አየኝ።

«እኔ አለኝ» አልኩ፤ ተነሣሁም። «መኝታ ቤታችን ከዛሬ ጀምሮ የአባቴ ነው። እኔና ባለቤቴ ሳሎን እንተኛለን።»